ጣራዋን ቲነር የበላት መኪና

ማንጠግቦሽ መጀመሪያ የመጫወቻ መኪናዋን የፕላስቲክ ክፍሎች በሳሙና ውሃ አጠበቻቸው፤ ፋብሪካው ላያቸው ላይ የተወው ስስ ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። ከዚያ ከተያያዙበት ዘንግ ላይ በጥፍር መቁረጫ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። በእጅ የገነጠለ ሰው ጠርዙን ይቦጭቃል። የተቆረጠበትን ጉብታ ውሃ በጠጣ ስስ ብርጭቆ ወረቀት እያሸች አስተካከለች። የሞተሩን ሁለት ግማሾች ገጥማ፣ ማጣበቂያውን በክብሪት እንጨት ጫፍ ቀብታ፣ እስኪይዝ ድረስ በልብስ መቆንጠጫ አሰረችው። ቸርኬዎቹን ጎማ አለበሰች፣ ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር አገናኘች። መኪናዋ ከመዳፍ ትንሽ ትረዝማለች። ጠረጴዛው ላይ ገፋ ስታደርጋት ቀጥ ብላ ሄደች።

"ከጠዋቱ አይሱዙ ይልቅ የዚች መሪ ይሻላል" አለ ይስማው። ይስማው የጋራዡ መካኒክ ነው። በልጅነቱ ዲማ ቅኔ ሊማር ገብቶ፣ ኋላ ሞተር ይሻለኛል ብሎ የወጣ ቀልደኛ ነው።

"ዝም በል፤ ትንፋሽህ አቧራ ያመጣል" አለችው ቀና ሳትል።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ግንቦት፣ ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ የጋሽ አምደሚካኤል ጋራዥ ነው። የመኪናዋ ካርቶን የተገኘው ከጃፓን በመጣ ያገለገለ መኪና ውስጥ፣ ከመጠባበቂያው ጎማ ሥር ነበር። መኪናውን የገዛው ሰው "የእኔ አይደለም፤ ጣሉት" ብሎ ሄደ። መመሪያው ማንም በማያነበው ፊደል ስለተጻፈ የሚገጥመው ጠፍቶ ቁም ሳጥን ላይ ከረመ።

ጋሽ አምደሚካኤል ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ያዩ ቀን ክው ብለው ቀርተው ነበር። ኮፈን የለው፣ ጎማ የሚከልል ፓራፋንጎ የለው፣ ሞተሩ ራቁቱን ወጥቷል። ጣራው ደግሞ ሾፌሩ አንገቱን ካልሰበረ አያስገባም።

"ይህን ማነው የገጨው?" አሉ። የተጨማደደ ላሜራ ሲያቃኑ ፀጉራቸው የሸበተ ባትላሜራ ናቸው።

"ማንም አልገጨውም ጋሽዬ። ፈረንጆች አሮጌ መኪና ይገዙና ለሩጫ እንዲህ እየቆራረጡ ይሠሩታል። በቴሌቪዥን አይቻለሁ" አለች ማንጠግቦሽ።

"ሆን ብለው?"

"ሆን ብለው።"

ያን ዕለት ጋሽ አምደሚካኤል መዶሻቸውን ይዘው "ሆን ብለው!" እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ዋሉ።

ማንጠግቦሽ የይጁቤ ገበሬ ልጅ ናት። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ጓደኞቿ ጽሕፈት ሲመርጡ እሷ የመኪና አካልና ቀለም ሥራ ገባች። እናቷ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው "ልጄ፣ መኪናም ይኳላል እንዴ?" አሏት። "ይኳላል እማዬ፤ ብቻ ሦስት እጅ ይፈልጋል" አለቻቸው። ተመርቃ ጋራዡ ስትገባ ግን ማንም አላስኳላትም። ስቱኮ ስትሞላ፣ ስቱኮ ስትፍቅ፣ በማርቆስ ብርድ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ ብርጭቆ ወረቀት ስታሽ ኖረች። እሷ ያለሰለሰችውን የጋራዡ ቀቢ መሳፍንት ይቀባዋል፤ ደንበኛ ሲመጣም "መሳፍንት፣ እጅህ ይባረክ!" ይባላል።

መሳፍንት ወደ ባሕር ዳር የሄደ ጊዜ፣ ማንጠግቦሽ ጋሽ አምደሚካኤል ፊት ቆማ የቀለም መርጫውን ለእኔ ይስጡኝ አለች።

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። "ደንበኛ ምን ይለኛል? ሴት ልጅ አምጥቶ መኪናዬን አስለቀለቀው ቢለኝስ?"

"ለቅልቄ አይተውኝ ያውቃሉ?"

"ቀብተሽም አላየሁሽም።" ቀና ብለው ካርቶኑን አዩት። "እሺ። ያችን የተቆራረጠች ገጥመሽ ቅቢያት። ፊቴን ካየሁባት መርጫው ያንቺ ነው። ካላየሁ ደጀን የጭነት መኪና የሚቀባውን ዓባይን አስመጣለሁ፤ አንቺም ከብርጭቆ ወረቀትሽ ጋር ትኖሪያለሽ።"

እንግዲህ የመኪናዋ አካል ተገጥሞ፣ ተስተካክሎ አለቀ። ቀለም ብቻ ቀረ። የጋራዡ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፦ ከቀለም በፊት አካሉ በቲነር ይጠረጋል። ጋሽ አምደሚካኤል ከ"እንደምን አደራችሁ" ቀጥሎ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ማንጠግቦሽ ንጹሕ ጨርቅ በቲነር አራሰችና ጣራውን ከፊት ወደ ኋላ ጠረገችው።

ጨርቁ ያዘባት።

ሳብ አደረገችው። ጣራው አብሮ ተሳበ። ደነገጠችና በሌላ እጇ ልትደግፈው ብትሞክር፣ ሌባ ጣቷ የሞቀ ሰም ውስጥ እንደገባ ስምጥ አለ። ያን ያህል የታሸ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የለሰለሰ ጣራ፣ ዓይኗ እያየ ተጨማዶ መሐሉ ረገበ።

ይስማው ከአይሱዙው ሥር ተንሸራቶ ወጣ። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ! ምን አደረግሻት?"

"ጠረግኋት።"

"በምን?"

"በቲነር።"

"በይ ፍትሐት ይደረግላት።"

ጫጫታውን ሰምተው ጋሽ አምደሚካኤል መጡ። ጣራዋን ሲያዩ መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። "ፕላስቲክ በቲነር! ማነው ጥረጊ ያለሽ?"

ይስማው ሳል ቀደመው።

"እርስዎ ነዎት ጋሽዬ" አለች ማንጠግቦሽ። "በየጠዋቱ።"

"እኔ ለላሜራ ነው ያልኩት!"

"ላሜራ ብቻ ብለው አያውቁም።"

ሽማግሌው ያን ሁሉ ዘመን የተናገሩት ቃል እንዲህ ሲመለስባቸው የመጀመሪያው ነው። መዶሻቸውን አነሱና "ለማንኛውም ነገሩ አብቅቷል። ለዓባይ እደውልለታለሁ" ብለው ሄዱ።

ማንጠግቦሽ ምሳዋን አልበላችም። ይስማው ሊያጽናናት ብሎ "አይዞሽ" አላት፤ "ኮፈን የላት፣ ፓራፋንጎ የላት። ጣራስ ምን ያደርግላታል?"

እሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ካርቶኑን አንስታ ሥዕሉን አየችው። ከዚያ ይስማውን አየችው።

"የብረት መጋዝ፣ የሴጌቶ ምላጭ አለህ?"

የጣራውን ምሰሶዎች በምላጩ ከሥራቸው ቆርጣ የረገበውን ጣራ አወጣችው። ጠርዙን አሽታ ክፍት መኪና አደረገቻት። ቀለም ግን አሁን በእምነት አልቀባችም። ክፍሎቹን የለቀመችበትን ትርፍ ዘንግ ቆራርጣ በየተራ ሞከረችበት። ቲነር ሲነካው ሟሟ። ቤንዚን ሲነካው ተሰነጣጠቀ። የዘይት ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ሲነካው ምንም አልሆነም። ስለዚህ የበርና የመስኮት ቀይ ቀለም በአኳራጅ አቅጥና፣ በአሮጌ ስቶኪንግ አጠለለች። አካሉን አሸዋ በሞላችው ጠርሙስ አናት ላይ አቆመችው። የኮምፕሬሰሩን ንፋስ ቀነሰችና እንደ ጤዛ የሳሳ አንድ እጅ ነፋች፤ ጠበቀች። ሁለተኛውን ደገመች፤ ጠበቀች። ሦስተኛውን ሙሉ አድርጋ ለቀቀችው።

በአኳራጅ የቀጠነ ቀለም ቶሎ አይደርቅም። በቲነር የቀጠነው ግን ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ደርቆ ይጠብቅሃል፤ የጋሽ አምደሚካኤል እጅ የለመደው ይህንኛውን ነው።

ሽማግሌው በዚያ ሲያልፉ ቀዩ ነገር ዓይናቸውን ያዘውና ቆሙ። ጎንበስ አሉ። በመኪናዋ ጀርባ ላይ ጢማቸው፣ ባርኔጣቸው፣ ከኋላቸው ያለው የጋራዡ በር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታያቸው።

"ይህ መስታወት ነው እንዴ?" አሉ። ላሜራን በመዳፍ እየዳበሰ የኖረ ሰው ዓይኑን ብቻ አያምንም። ማንጠግቦሽ "እንዳይነ..." ብላ ሳትጨርስ አውራ ጣታቸውን ጭነው አሳረፉባት።

ጣታቸውን አነሱ፤ ቀይ ነው። መኪናዋን አዩ፤ እነጢማቸው የታዩበት መስታወት መሐል ላይ አንድ ትልቅ አውራ ጣት ታትሟል። ይስማው በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። የሚኒባሷን ተራ ስትጠብቅ በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ደንበኛ፣ ወይዘሮ ታየች፣ "ውይ! ጋሽ አምደ፣ ምርጫ ነው ብለው ለልጅቷ ድምፅ ሰጡላት እንዴ?" አለች።

ማንጠግቦሽ አንድ እርምጃ ቀረበች። "ጋሽዬ፣ ጣቱን እኔ አልቀባሁትም። ከጣቱ ግራና ቀኝ ያለውን አይተው ይፍረዱኝ።"

ሽማግሌው ደግመው ጎንበስ አሉ። ከጣቱ ግራ አዩ፤ ከጣቱ ቀኝ አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ያልጠበቀውን ዜና የሰማ ሰው ፊት ነበር።

"ታየች፣ ሚኒባስሽን ሰኞ አምጪያት" አሉ።

"መሳፍንት ተመለሰ?"

"አልተመለሰም። ቀቢዋ ይህች ናት።"

"ይህች ልጅ?"

"አዎ፣ ይህች ልጅ! ምን ያስደነግጥሻል?" አሉ፣ ከሁሉ ይበልጥ የደነገጡት እሳቸው ሆነው ሳለ።

ማንጠግቦሽ የስቱኮ ጣሳ ላይ ቁጭ አለች። መርጫውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አየችው። በማግሥቱ ቀለሙ ሲደርቅ የጋሽ አምደሚካኤልን ጣት አሽታ አጠፋችው፤ ቦታውንም ደግማ ቀባችው።

ማንጠግቦሽ ዛሬም ማርቆስ ውስጥ ትቀባለች። የወይዘሮ ታየችን ሚኒባስ ጨምሮ ስንት መኪና በእጇ እንዳለፈ አትቆጥርም። እንኳን ፕላስቲክ፣ ላሜራም ቢሆን በማይታይ ጥግ ሳትሞክር አትጠርግም። ደንበኞቿ ግን አሁንም ያው ናቸው፤ መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ከሰላምታ በፊት ጣታቸው ይቀድማል። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት፦

"እባካችሁ፣ ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ በጣታችሁ አትጫኑት። እዚያው አጠገቡ ቆሜያለሁ። እኔን ጠይቁኝ።"