ሰልፍ ይያዙ፣ እማማ

ጽዮናዊት ከበጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ጋር ከጅማ አጋሮ የሄደችው ከየዶርሙ የተሰበሰበ ልብስ ለተፈናቃዮች ለማደል ነበር። ከተፈናቃዮቹ አንዷ የገዛ እናቷ መሆኗን ግን ከጓደኞቿ የሚያውቅ የለም። ወላጆቿ አዲስ አበባ ነጋዴዎች ናቸው ስትል ነበር የከረመችው። ደግነቱ እናቷ በዚህ ሰዓት መጋዘን ቡና ስትለቅም ነው የምትውለው። ልጅ እናቷ የማትኖርበትን ሰዓት አስልታ ስትመጣ እንግዲህ ምን ይባላል!

ማደል እንደጀመሩ አንዲት አሮጊት ከሰልፉ ወጥተው እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

"ጽዮኔ! ልጄ!"

የድሮ ጎረቤታቸው አዴ ዙሀራ ናቸው። ከቀያቸው የሸሹ ለት መቀነታቸውን ፈተው የቀረቻቸውን ቆሎ ለጽዮናዊት ያበሉ ሴት።

ጽዮናዊት ዞር ብላ ጓደኞቿን አየች።

"እማማ፣ መጀመሪያ ሰልፍ ይያዙ" አለች።

አዴ ዙሀራ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ሰልፉ ጭራ ላይ ሄደው ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ጽዮናዊት ካለው ሁሉ ወፍራሙን ሹራብ መርጣ ሰጠቻቸው፤ መካሷ ነው። ቀና ብላ የምታይበት ዓይን ግን አልነበራትም።

"እማማ፣ ያውቋታል እንዴ?" አላቸው አጠገቧ ቆሞ የሚያድለው ጓደኛዋ ሬድዋን።

"ኧረ አላውቃትም" አሉ፣ ሹራቡን ብብታቸው ስር እየሸጎጡ። "የጎረቤቴ ልጅ መስላኝ ነው። እሷ ብትሆንማ መጀመሪያ እናቷን ትጠይቀኝ ነበር። ታማ ከተኛች ሰነበተች፤ ሹራቡም ለሷ ነው።"