እህቴ ታማርር ነበር

ጥር 14 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እህቴ ስትሞት በስፌት መኪናዋ መርፌ ስር አንድ የወንድ የውስጥ ልብስ ሳያልቅ ቀርቷል። የቀኝ ጎኑ ተሰፍቷል፤ የግራው በስፒል ብቻ ተያይዟል። የአክስታችን ልጆች ለቀስተኛ እንዳያየው ብለው ነጠላ ጣሉበት። እኔ ነጠላውን አነሳሁት። የሚያሳፍር ሥራ አልነበረም።

የሚያሳፍረውስ በቀብሩ ላይ የተነገረው ነው። እህቴ ትሠራበት የነበረው የዳንስ ቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ቆሞ «አንድም ቀን ሳታማርር ያገለገለች እናታችን» አለ። ሐሰት ነው፤ መታረም አለበት። እህቴ ታማርር ነበር። በየቀኑ ታማርር ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በእሱ ላይ።

እዚያ ቤት የገባችው ቀሚስና ሱሪ ልትሰፋ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ስታይ ግን ወንዶቹ ዳንሰኞች መድረክ ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው ልብሳቸውን ይጎትታሉ፤ ሲመለሱም እንዲሁ። ምን ሆናችሁ ብትላቸው ሳቁባት። ችግሩ ገላ ላይ ከሚጣበቀው ታይታቸው ስር የሚለብሱት ደጋፊ የውስጥ ልብስ ነበር። ከፊት ሰብስቦ ወደ ላይ ይይዛል፤ ከኋላ በቀጭን ማሰሪያ ብቻ ያልፋል። ሲዘሉና ሲያርፉ የሚጠብቃቸው ስለሆነ «ዘበኛ» ይሉታል።

«ዘበኛህ እንዴት አደረ?» ይላል አንዱ።

«ተኝቷል!» ይላል ሌላው፤ ከዚያ ሳቅ ነው።

እሷም መጀመሪያ ተሳስታለች። አፍረው እንዳይሸሿት ብላ እያንዳንዱ ቁጥሩን ራሱ እንዲነግራት ጠየቀች። ሁሉም ትልቁን ቁጥር አሉ። ወገቡ በሁለት መዳፍ የሚያዘው ቀጭን ሰውዬ ሳይቀር ትልቁን አለ። ሰፍታ ሰጠቻቸው። ዘበኛው ሁሉ ሰፍቷቸው ተኛ፤ በልምምድ ላይ አንዱ ዘሎ ሲያርፍ እንዳጎነበሰ ቀረ።

በማግስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ቁጥሩ የወገባችሁ እንጂ የወንድነታችሁ አይደለም! ታይታችሁን ልበሱና በተራ ኑ።»

«እትዬ፣ እንዴት ሴት ትለካናለች?» አለ ፌንጣ የሚሉት ዋናው ዘላያቸው።

«ስትወለድ የተቀበለችህ አዋላጅ ጺም ነበራት? ቁም!»

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ላስቲኩ ዳሌ አጥንት ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሆድ ላይ ከወጣ ይቆርጣል፤ ከወረደ አይደግፍም። ሻካራው ስፌት ወደ ውጭ ይዞራል። ሰፍታ ስትጨርስ ቁጭ ብድግ ታሰኛቸዋለች፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረት ታስነሳቸዋለች። በመሃል እጁን ወደ ታች የሰደደ ካለ «አውልቅና አምጣ፣ አልሆነህም» ነው። አዲሱን በልምምድ ሳይለምደው ለብሶ መድረክ የሚወጣማ ወዮለት።

ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ተሠርቶ ያለቀ ዘበኛ በካርቶን አስመጣ። ሁሉም አንድ ቁጥር፣ ላስቲኩ እንደ ሽቦ የደረቀ። ያን ቀን ምሳዋን ላደርስላት ሄጄ በሩ ላይ ነበርኩ።

«ይህን አላድልም» አለችው።

«ይለጠጣል እኮ፣ ለሁሉም ይሆናል።»

«ጫማዎንም ለሁሉም የሚሆን ነው የሚገዙት?»

«እትዬ፣ ውስጥ ያለውን ማን ያየዋል? ሰው ትኬት የሚቆርጠው ይህን ሊያይ ነው?»

«ተመልካቹ አያየውም። ለባሹ ግን ይቆስላል።»

«ትንሽ ይቻሉታ! ወንዶች አይደሉም?»

«እስቲ እርስዎ ይልበሱትና ደረጃውን ወጣ ወረድ ይበሉበት። ስለ ወንድነት ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

የቢሮው ጸሐፊ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እሱ አልሳቀም። ሳምንት ሳይሞላ እህቴን ወደ መጋረጃ መጋዘን አዛወራት፤ ካርቶኑም ታደለ።

የፌንጣ ብሽሽት ተላጠ። ነውር ነው ብሎ ደበቀው። ቁስሉ መግል ቋጠረ። እንዳይነካበት ብሎ አዘላለሉን ሲቀይር ተጣሞ አረፈና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። የመሪነት ቦታውን ለሌላ ሰጡበት፤ ከዳነ በኋላ ተፈትኖ ካላለፈ ደግሞ ጭራሽ እንደሚሰናበት ነገሩት። ሥራ አስኪያጁ የጉዳቱን ምክንያት ሲያስረዳ «የግል ጥንቃቄ ጉድለት ነው» አለ። ያን ስሰማ ደሜ ፈላ። ዛሬም አልበረደም።

እህቴ ፌንጣ ቤት ድረስ ሄደች።

«አሳየኝ» አለችው።

«እትዬ፣ ሞቼ እገኛለሁ!»

«አንተ ሞኝ! ቁስሉን ለሐኪም አሳይ። እኔን ያንን የካርቶን ጉድ አሳየኝ።»

አምጥቶ ሰጣት። ተመልሶ እንዳይለብሰው እፊቱ በመቀስ ለሁለት ቆረጠችው። ከዚያ ከሥራ መልስ እቤት እየተቀመጠች ከለስላሳ ጥጥ ሌላ ሰፋችለት፤ ቁስሉ ሳይደርቅ እንዳይሞክረውም አስማለችው። ሲድን መጥቶ ሳሎናችን ውስጥ ለብሶት ዘለለ። አምፖሉን ለጥቂት ሳተው። አረፈ፤ ደገመ፤ እጁ ወደ ታች አልሄደም።

«እህ?» አለችው።

«ምንም የለበስኩ አይመስለኝም እኮ!»

«ለብሰሃል፣ ተመስገን በል።»

እህቴ በሞተችበት ሳምንት ሰኞ ዕለት ፈተናውን አለፈ፤ ቦታውም ተመለሰለት። ሥራ አስኪያጁ እጁን ጨብጦ «ወንድ ነህ፣ ቻልከው» አለው። ሰውየው እስከ ዛሬ ፌንጣን ምን እንዳስቻለው አያውቅም፤ ለማወቅም አልፈለገም። ካርቶኑ አሁንም ይታደላል። ማክሰኞ ግን ሌሎቹ ዳንሰኞች እየተሰረቁ ቤታችን ይመጡ ጀመር። ሜትሯን እስክታነሳ እንኳ ሳይጠብቁ እጃቸውን ከፍ አድርገው ይቆማሉ። በአንድ ቀን ላስቲክ አለቀባት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልትገዛ ስትወጣ አብሬያት ሄድኩ። የስፌት ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ አንድ ጥቅል አወጣና «ይሄ ዘላለም አይበጠስም» አላት። ጫፉን ክንዷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ጠመጠመችውና ሌላ ደንበኛ እስኪስተናገድ ቆየች። ስትፈታው ቀይ መስመር ትቷል።

«ሌላ» አለች።

«እመቤት፣ ለልብስ ነው ወይስ ለጌጥ?»

«አንተ ስጥ ብቻ!»

ሁለተኛውም ምልክት ተወ። ሰውዬው እያጉረመረመ መሰላል ላይ ወጣና ከላይኛው መደርደሪያ ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ ላስቲክ አወረደ። ጠመጠመችው፤ ቆየች፤ ፈታችው። ክንዷን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ምንም የለም። ለስድስት ሰው የሚበቃ አስቆርጣ ከፈለች፤ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤት ገባን።