የቀረልኝን ዓይን ያተረፈልኝ ጌታ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! እኔ ሰው ፊት መቆም አልችልም፤ እህቶች ገፍተው ነው ያወጡኝ። ድምፄ ቢያንስባችሁ ታገሱኝ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ መመለስ ግን አልፈልግም።

ጅጅጋ የመጣሁት ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ ልብስ ስፌት ልሠራ ነው። እግዚአብሔር እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔን ያውቀኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ውሎ አድሮ የግራ ዓይኔ ደበዘዘብኝ። አቧራው ነው ብዬ ጠብታ እየገዛሁ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ኤዶ ሆዳን፣ አክስት ሆዳን እንደማለት ነው፣ የምንላት የሶማሌ ደንበኛችን የሰፋሁላትን ቀሚስ ይዛ መጣች። «አባዮ፣ እህቴ፣ ምን በድዬሽ ነው? ስፌትሽ አስፋልት ነበር፤ ይኼ የግመል መንገድ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፤ ግራ ዓይኔ እንደደበዘዘብኝ ነገርኳት። ቀኝ ዓይኔን በእጇ ሸፍና፣ «ስንት ጣት ነው?» አለችኝ። ጣቷንም እጇንም አላየሁም። ሳቋ ቆመ። «ወላሂ፣ ሐኪም ሳያይሽ መርፌ አትነኪም!» ብላ በባጃጅ ወሰደችኝ። በእምነት ባንገናኝም ጌታ የላከልኝ እሷን ነው። ሃሌሉያ!

ሐኪሙ፣ «ዓይንሽ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከኋላው ነው» አሉኝ። አዲስ አበባ ተልኬ ጭንቅላቴ በኤምአርአይ ሲታይ፣ የዓይኔን ነርቭ የተጫነ ዕጢ ተገኘ። «ክፉው ዓይነት አይመስልም። ካልወጣ ግን ቀኙንም ያጠፋዋል» አሉ የዚያ ሐኪሞች። ጭንቅላቴ ሊከፈት! ፈርቼ ጅጅጋ ተመለስኩና ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ እትዬ አስቴር፣ ሁላችሁም የምታውቋት የዚህች ቤተ ክርስቲያን እናት፣ ሾርባ ይዛልኝ መጣች። «ከወደደኝ ለምን ዓይኔን አጠፋብኝ?» አልኳት። ስብከት ነበር የጠበቅሁት። «አላውቅም የኔ ልጅ» ብላ አብራኝ አለቀሰች። «ብቻሽን እንደማይተውሽ ግን አውቃለሁ።» ወገኖቼ፣ ያ «አላውቅም» ልቤን ከፈተው። እዚያው ፍራሼ ላይ ኢየሱስን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ!

ፍርሃቴ አልጠፋም፤ እየፈራሁ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ልታስታምመኝ የመጣችው እናቴ በቀኝ ዓይኔ ታየችኝ። ሐኪሙ፣ «ዕጢው ወጥቷል፤ ቀኙ ተርፏል። ግራው ግን ብዙ ስለቆየ አልዳነም» አሉ። እናቴ፣ «ምነው ግማሹን ብቻ!» ብላ አዘነች። «እማዬ፣ አየሁሽ እኮ!» አልኳት።

ግራው እስከ ዛሬ አልበራም፤ በጌታ ፊት አልዋሽም። በግራዬ የተቀመጣችሁ፣ ዞር ካላልኩ አላያችሁም። «አሜን» ስትሉ ግን እሰማችኋለሁ። ተመስገን! የለመናችሁት ሙሉውን ያልመጣላችሁ ካላችሁ፣ ፍርሃታችሁ እስኪያልቅ አትጠብቁ። እየፈራችሁ በእሱ ተደገፉ፤ እኔን አልጣለኝም።