ጌዶ ላይ እጄን ያወረድኩ ቀን

ሰው የግራ ዓይኔን ሲያይ «በቡጢ ነው?» ይለኛል። በእርግጫ ነው። ለጠፋ ዓይን ምን ልዩነት አለው?

አምቦ ውስጥ የኔ እኩያ ሆኖ ካራቴ ያልሞከረ የለም። ቪዲዮ ቤት ያየነውን ጓሮ ለጓሮ እየተፈነካከትን እንለማመድ ነበር። ሌላው ሲያድግ ተወው፤ እኔ ሙጭጭ አልኩ። ቡጢም እርግጫም ትግልም የተፈቀደበት ድብልቅ ፍልሚያ ሲመጣማ እንጀራዬ አደረግኩት። እንጀራ ከተባለ! ገበያ ቀን ጠብቀን፣ ባህር ዛፍ ተክለን ገመድ ወጥረን እንደባደባለን። በዙሪያችን ባሉት ከተሞች፣ እንጭኒም ሸነንም ገጥሜ አሸንፌያለሁ።

አንድ ቀን የግጥሚያዎቹ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ አንድ ተፋላሚ አመጣ። ከሁለታችን ያሸነፈ ናይሮቢ ሄዶ በኮንትራት ይገጥማል ተባለ። ቦታው ጌዶ ሆነ፤ እናቴ ተመልሳ የምትኖርበት አገሯ። እናቴ ሥራዬን አትወድም። ልጅ አሳድጌ ለዱላ አልሰጥም ትል ነበር። እንዳትሰማ ብዬ ነበር፤ ግን ጌዶ ውስጥ ምን ይደበቃል?

በሁለተኛው ዙር ቅንድቤ ተሰንጥቆ ደሙ ፊቴን አለበሰው። ቢሆንም እያሸነፍኩ ነበር። የሰውየው ትንፋሽ አልቋል፣ ክንዱ ዝሏል። እናቴ ይሄን በምን ታውቃለች? የምታየው ደሙን ነው።

ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣችና ሲንቄዋን በገመዱ አሻግራ በመሃላችን ዘረጋችው። «ዲሳ!» አለች፤ ተዉ ማለቷ ነው። ሲንቄ ስታገባ እናቷ የሰጠቻት በትር ነው። የቤተክርስቲያኗ ሰዎች የድሮ ነገር ነው ጣይው ቢሏትም ከበሩ ጀርባ ንቅንቅ አላደረገችውም። እኛ ዘንድ ሴት ሲንቄ ይዛ መሃል ከገባች፣ ደም የተቃባ እንኳ ቢሆን እጁን ይሰበስባል። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ ያደገ ነው።

እጄን አወረድኩ። ዳኛው የጌዶ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ እሱም እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፋ። ጩኸቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ያ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ምንም አልገባውም። ፊት ለፊቱ ባላጋራው እጁን አውርዶ ቆሟል፤ ምን ይጠብቃል? በእርግጫ ዓይኔን አለኝ።

አዘጋጁ፣ «ዳኛው አቁሙ አላለም» ብሎ ድሉን ለሰውየው ሰጠው። ናይሮቢ እሱ ሄደ። እኔ ሆስፒታል ለሆስፒታል ተንከራትቼ በአንድ ዓይን ተመለስኩ። ሰውየውን አልረግመውም፤ አላወቀም። አዘጋጁን ግን፣ እግዜር ይየው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናቴ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ጌዶ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ ባልኩበት ድንገት ጠየቀችኝ።

«ያኔ እጅህን ባታወርድ ዓይንህ ይተርፍ ነበር አይደል?»

መዋሸት አቃተኝ። «ይተርፍ ነበር፣ እማ» አልኳት። «ነገም ሲንቄሽን ብታነሺው ግን እጄን አወርዳለሁ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «እኔ አላነሳውም» አለች።

በደህናው ዓይኔ ወደ በሩ ጀርባ አየሁ። ሲንቄው የለም።