እትዬ አስቴርና አልነሳ የሚለው ሞተር ሳይክል

ወ/ሮ አስቴርን ለምታውቁ ሁሉ፤ በሚዛንና በአማን፣ በሸኮና በቴፒ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ መንደሮች፣ ከብት ታሞባችሁ ደጃችሁ ድረስ ለመጡላችሁ ሁሉ።

እትዬ አስቴር ማክሰኞ ማለዳ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ቤታቸው ውስጥ አርፈዋል። ልጃቸው ሣራ እጃቸውን ይዛ ነበር። የሰማችሁ መጥታችሁ ቀብራችኋል። ያልሰማችሁ መንገዱ ወይም ኔትወርኩ ከልክሏችሁ እንደሆነ ስለምናውቅ ቀረን ብላችሁ አትዘኑ።

ይህን የምጽፈው ከድጃ ነኝ፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤታቸው፣ ልብስ ሰፊ። ሣራ «አንቺ ጻፊው፣ እኔ አልችልም» ስላለችኝ ነው እንጂ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድሩ ወንበሮች ተጭነው ሄደው፣ የመጨረሻው ድስት ታጥቦ ከተመለሰ በኋላ ተቀመጥኩ፤ ድካሙ ግን ገና ከወገቤ አልወጣም። ነገሬ የተንዛዛበት ቦታ ካለ ለድካሜ ተዉልኝ።

እትዬ አስቴር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ። ሰዉ «ዶክተር» ይላቸዋል። «ዶክተርስ ትምህርቱን የጨረሰው ነው፤ እኔ አስቴር ነኝ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ተወልደው ያደጉት ቤንች ገጠር ውስጥ ስለሆነ አማርኛቸው የቤንችኛ ዜማ ነበረው። ሲቆጡ ጨርሰው ወደ ቤንችኛ ይገባሉ። ላምና ፍየል የሚያባብሉትም በዚያው ነበር፤ ምን እንደሚሏቸው ብጠይቃቸው «ለእነሱ የተባለ ለእነሱ ነው» ብለው ያልፉኛል።

ከዓመታት በፊት ክረምት ላይ፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ጭቃ አንሸራቷቸው ከመሥሪያ ቤታቸው ሞተር ሳይክል ጋር ወደቁ። ቀኝ ጉልበታቸው ተሰበረ። ዳነ፤ መታጠፍ ግን እንቢ አለ። መሥሪያ ቤታቸው አዝኖላቸው ወንበርና ጠረጴዛ ሰጣቸው። ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ቤቴ ብቅ ብለው «ከድጃ፣ ወረቀት እኮ አያምጥም» አሉኝና ሳይውሉ ሳያድሩ የራሳቸውን ሞተር ሳይክል ገዙ።

ሞተር ሳይክሉ በእግር ተረግጦ የሚነሳበት መርገጫ ነበረው፤ ለእሳቸው ግን እሱ እንደሌለ ነው። በዚያ ጉልበት አይረገጥም። እጀታው ላይ ያለችውን ቀይ መጫኛ በአውራ ጣታቸው ይነካሉ፤ ስታርተሩ ያስነሳዋል፤ ይሄዳሉ። «እግሬ አውራ ጣቴ ላይ ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ስታርተሩ የታመመ ቀን እትዬ አስቴር እግር የላቸውም ማለት ነው።

የአገራችንን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ልብስ በሳጥን ውስጥ ይሻግታል፤ መርፌ በወረቀቱ ላይ እንዳለ ይዝጋል። ያ ስታርተርም በየክረምቱ አንድ ነገር ይሆናል። ጋራዥ ሲወስዱት ይውላል፣ ያድራል፤ መካኒኩ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ እሳቸውን ደግሞ የሚያምጥ ከብት ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻ ታክቷቸው፣ መካኒኮቹን እያዩና እየጠየቁ፣ ችግሩን እቤታቸው በረንዳ ላይ መፈለግ ጀመሩ። መሣሪያቸው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት መፍቻና ሁለት ሽቦ የተቀጠለባት የፍሬቻ አምፖል ነበረች።

ከእነዚያ ጠዋቶች አንዱን ልንገራችሁ።

ገና ቁርስ ሳንቀምስ ስልካቸው ጮኸ። የደወሉት አቶ ጳውሎስ የሚባሉ የሸኮ ገበሬ ነበሩ። ላማቸው ምጥ ላይ አድራ ጥጃው አልወጣ ብሏል። ሌላ ላም የላቸውም። እትዬ አስቴር ቦቲያቸውን አጠለቁ፤ የመድኃኒት ቦርሳቸውን ከኋላ አሰሩ፤ ቀይዋን መጫኛ ተጫኑ። «ጠቅ» አለ። ደግመው ተጫኑ። «ጠቅ»፤ ሌላ ድምፅ የለም።

ሰምቼ በአጥሩ በር ገባሁ። «እትዬ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የባጃጅ ሾፌር ልጥራው? አንዴ ቢረግጥልዎት እኮ ይነሳል።»

«እዚህስ ይረግጥልኛል። ጫካ መሃል ቢጠፋብኝ ማን ይረግጥልኛል?»

«ላሟስ?»

ወደ መንገዱ ተመለከቱ፤ እጃቸው ቦርሳው ማሰሪያ ላይ ነበር። ከዚያ ማሰሪያውን ፈቱና በረንዳው ጫፍ ላይ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ቀኝ እግራቸውን ወደፊት እንደ ማገር ዘርግተው። «ነይ፣ አምፖሏን ያዢልኝ» አሉ።

ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ማለትም ያልገባ መሆኑን አዩ። ክላክሱን ነኩት፤ አጥሩ ላይ ያሉት ወፎች እስኪበሩ ጮኸ። «ባትሪው በሕይወት አለ» አሉ። ቀጥለው የፊት መብራቱን አበሩ። «አሁን ስጫን ዓይንሽን ከመብራቱ ላይ አታንሺ።» ተጫኑ። «ጠቅ።»

«ደበዘዘ?»

«ኧረ ቅንጣት አልተለወጠም፣ እትዬ።»

«ቢደበዝዝ ኖሮ ስታርተሩ ኮረንቲ እየጠጣ ነው ማለት ነበር። ካልደበዘዘ አልደረሰውም። መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቀርቷል።»

የጎኑን ሽፋን ፈቱ። ከባትሪው አጠገብ ያለችው ትንሽ ዕቃ ሪሌ እንደምትባል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «ጠቅ» የምትለው እሷ ናት፤ ቀይዋ መጫኛ ስታዛት ትልቁን ኮረንቲ ወደ ስታርተሩ ትለቃለች። የአምፖሏን አንድ ሽቦ ሞተሩ ገላጣ ብረት ላይ አስያዙኝ። ሌላውን ራሳቸው ከሪሌዋ ወደ ስታርተሩ የሚወርደው ወፍራም ገመድ በታሰረበት ብሎን ላይ አደረጉ። «በአንድ እጅሽ ያዢ፤ በሌላው ተጫኚ» አሉኝ። ስጫን አምፖሏ በራች።

«እዚህ ድረስ ደህና ነው።» ያንኑ ሽቦ ወደ ታች ወሰዱና የገመዱ ሌላ ጫፍ ስታርተሩ ላይ በታሰረበት ብሎን ላይ አስነኩ። ተጫንኩ። ሪሌዋ «ጠቅ» አለች፤ አምፖሏ አልበራችም።

«አገኘነው» አሉ። ደስታ ግን አልነበረበትም ድምፃቸው። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር።

ወፍራሙን ገመድ ከመንካታቸው በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈቱ። «መጀመሪያ አሳርፈው፤ ከዚያ እጅህን አስገባ» ይሉ ነበር፤ ስለ ባትሪም ስለ ተቆጣ በሬም። ገመዱ ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም። የጫፉን የጎማ ሽፋን ገፋ ሲያደርጉት ግን ከሥሩ ሁሉ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ ሽቦው ተበልቶ አልቆ ጎማው ብቻ ነው የያዘው። የበሰበሰውን ቆረጡ፤ ጤነኛው መዳብ እስኪያብለጨልጭ በቢላ ፋቁ፤ አዲስ ጫፍ አልብሰው በፒንሳ ጨፍልቀው አሰሩት። ባትሪውን መለሱ። ተጫኑ። ተነሳ። እጃቸውን በጨርቅ እንኳ በደንብ ሳይጠርጉ ሄዱ።

የተመለሱት አመሻሽ ላይ ነው፤ ውሃ ከልብሳቸው ይንጠባጠባል። ሾርባ አሙቄ ጠበቅኋቸው።

«ጥጃው ሞቷል» አሉ። «ላሟን አተረፍኳት።»

«አቶ ጳውሎስ ምን አሉ?»

«እሳቸው ምንም አላሉም። ሚስታቸው ናት፣ 'ዶክተር፣ ትንሽ ቀደም ቢሉልን' ያለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«'ልክ ነሽ' አልኳት።»

«ስታርተሩ እንቢ እንዳለዎት አልነገሯትም?»

«ለእሷ ምን ይሠራላታል?»

ማንኪያውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ስመለስ ሞተሩ ወንዙ ጋ ጠፋብኝ። ወዲያ ብል ወዲህ ብል ሰው የለም። ተጫንኩት፤ ተነሳ። ከድጃ፣ ጥጃው ሞተ፤ እኔ ቤቴ ገባሁ። የትኛውን ልያዝ?»

ሾርባውን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። ማንኪያውን እንደገና አንስተው በእጃቸው እንደያዙ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግስቱ ጠዋት ላሟን ሊያዩ ወደዚያው ቤት ሄዱ፤ እስክትድን ተመላለሱ። ያቺ የአቶ ጳውሎስ ባለቤት በቀብሩ ዕለት ከሸኮ በእግርም በመኪናም ብላ መጥታ ከሣራ ጎን ተቀምጣ ነበር። ማንነቷን የነገረችኝ ስትሄድ ነው።

ስለ ደግነታቸው ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናግሯል። እኔ አንዱን ብቻ ልጨምር። ባለቤቴ በሞተ ሰሞን እንቅልፍ የሚወስደኝ ሊነጋጋ ሲል ነበር። እትዬ አስቴር ደግሞ ሥራ የሚወጡት ያን ጊዜ ነው። ሰንበት ብሎ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ሞተር ሳይክላቸው ከግቢያቸው ሲነሳ መስማት ትቻለሁ። አንድ ጠዋት በመስኮት ባይ በዚያ በማይታጠፍ እግራቸው እያነከሱ፣ ሞተሩን በጭቃው ውስጥ እየገፉ ወደ ትልቁ መንገድ ይወጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ነው ያስነሱት። በኋላ «ምነው እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ?» ብላቸው «የተኛሽ መስሎኝ» አሉ። እሳቸው ጴንጤ፣ እኔ እስላም፤ በኀዘኔ ከተነገረኝ የማጽናኛ ቃል ሁሉ ያ የሞተሩ አለመሰማት በልጦ ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመ። ጅማ ተመላለሱ። ሣራ ሥራዋን ትታ መጣች። ሲብስባቸው ከአልጋ መውረድ አቃታቸው፤ አልጋቸውን በረንዳው ላይ ከሚከፈተው መስኮት ሥር አደረግንላቸው። ሞተር ሳይክሉ ከመስኮቱ ማዶ ላስቲክ ለብሶ ቆሞ ነበር። «ባትሪው እንዳይደክም ጠዋት ጠዋት አስነሺልኝ» አሉኝ። አስነሳለሁ፤ ትንሽ ይሠራል፤ አጠፋለሁ።

አንድ ጠዋት ብጫን ድምፅ የለም። «ጠቅ» እንኳ የለም። ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው?» አሉ ከመስኮቱ። ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር።

«እንቢ አለ፣ እትዬ። ይረፉ፤ ኋላ መካኒክ እጠራለሁ።»

«ክላክሱስ?»

ነካሁት። ጮኸ።

«ፍሪሲዮኑን ጨብጠሽ ሞክሪ።»

በግራ እጀታው ያለውን የፍሪሲዮን ማንሻ ጨብጬ ሞከርኩ። ዝም።

ላስቲኩን ልመልስበት አነሳሁ። የተኙ መስሎኝ ነበር። «ሪሌዋ ዝም ካለች ትእዛዙ አልደረሳትም ማለት ነው» አሉ። «ወፍራሙን ተዪው። ከመጫኛው የሚነሳውን ቀጭኑን ሽቦ በእጅሽ ተከተዪ። አትቸኩዪ።»

ባትሪውን ፈታሁ። ጣቴን ሽቦው ላይ እያስኬድኩ ከእጀታው ጀምሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከነዳጅ ጋኑ ሥር ስደርስ ሽቦው ተቋረጠ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የተበጠሰው ጫፍ በጥርስ የተቀረጠፈ ነው፤ አጠገቡ የጥጥና የሣር ጎጆ ተሠርቷል።

«እትዬ፣ አይጥ ነው! አይጥ በልቶታል! ቤት ሠርቶበታል!»

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሣራ ሮጣ ገባች፤ እሳቸው ግን እየሳሉም ይስቁ ነበር። «እኔ ስተኛ እሱ ተከራየ በይኛ» ሲሉ ሰማኋቸው። ጫፎቹን ልጬ ገመድኩ፤ ፕላስተር ጠቀለልኩበት፤ ባትሪውን መለስኩ። ስጫን ተነሳ። ቀና ብዬ ወደ መስኮቱ አየሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁ እስኪረጋ ያዳምጡ ነበር። አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አበጀሽ እንኳ ባይሉ።

«አጥፊው፤ ነዳጅ አታባክኚ» አሉ።

አጠፋሁት። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሞተር ሳይክሉ አሁንም እዚያው በረንዳው ላይ ነው። ምን እንደሚደረግ ሣራን አልጠየቅኋት፤ እሷም አላነሳችውም። ሁላችንም ደክሞናል።

እትዬ አስቴር፣ ትናንት ጠዋት በርዎ ተንኳኳ። ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ ፍየሉን ታቅፎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። አልሰማም ነበር። ነገርኩት። ፍየሉን መሬት ላይ አኑሮ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ውሃ ሰጠሁት፤ ከተማ ያለውን ክሊኒክ አሳየሁት፤ ቆይቶ ተነሥቶ ሄደ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ሴቶች መጡ። መንገዱ ረጅም ነው፤ መርዶም በእግር ነው የሚሄደው፤ ገና ብዙ ይመጣሉ።

የእርስዎ ሰዎች ዘምረው ሸኝተውዎታል። እኔም በማውቀው ቃል ዱዓ አድርጌልዎታለሁ፤ ሁለቱም አንድ ቦታ እንደሚደርስ አልጠራጠርም። ደክመው እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ይረፉ፣ እትዬ። በሩ ሲንኳኳ አይነሱ። እኔ ሄጄ እከፍትላቸዋለሁ።