ዋጋውን የበላው ጣሳ

ባለፈው ቅዳሜ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ፣ መጠጥ መደብር ውስጥ ርካሽ የአሜሪካ ቢራ ተቆልሎ አገኘን። ሆስፒታል አብሮኝ የሚሠራው ሲፖ ሁለት ዓይነት አነሳና የትኛው ለዋጋው እንደሚሻል መመራመር ያዘ። እኔን ግን አንደኛው ቀይ ጣሳ ይዞኝ ወልቂጤ ገባ።

ልጅ እያለሁ እማዬ ጠላ ትሸጥ ነበር። ደጃችን በተተከለው እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ጠላው መድረሱን ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። የእኛው ዝገት የበላው የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጓደኞቼ ቀና ብለው እንዳያዩት ወሬ አበዛባቸው ነበር። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ አፍርበት ነበር።

አንድ ቀን የድርጅት መኪና የሚነዳው ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ የአሜሪካ ቢራ ባዶ ጣሳ ሰጠኝ፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። በገበያ ቀን ማለዳ ዝገታሙን አውርጄ እሱን ሰቀልኩት። ቤታችንን ያሳመርኩ መስሎኝ ነበር። ገበያተኛው ግን ሽቅብ ያይና «ቢራ ጀምራለች፣ ዋጋው አይቀመስም» እያለ ማዶ ወዳለው ጠላ ቤት ያልፋል። እስከ ቀትር ጋኑ አልጎደለም። ጠላ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል። የዚያ ጋን ጠላ የእኔ ደብተርና ዩኒፎርም ነበር።

እማዬ ወጥታ መጀመሪያ ጣሳውን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ልትገርፈኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሽ ተሰማን ሙሉ ቢራ እንዳለው ጠየቀችው። አመጣላት። ደጃፍ ላይ ቢራውን በአንድ ብርጭቆ፣ ጠላዋን በሌላ ቀዳችና በጠማቂ ወግ ሁለቱንም ቀድማ ቀመሰች። የአንዱ ቢራ ዋጋ የእሷን ጠላ ስምንት ጊዜ ያስጠጣል። ከአላፊዎቹ አንዱ፣ ምስጋና ከአፉ የማይወጣው ሽማግሌ አናጢ፣ ቢራውን ተጎንጭቶ ውሃ በዝቶበታል አለ። ጠላውን ግን ጨለጠና ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋ። እማዬ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣

«ዋጋውን ጣሳው በልቶታል። የእኔ ያለው ጌሾው ውስጥ ነው» አለች።

ሳይመሽ ጋኑ ተሟጠጠ። ዝገታሙን ጣሳ እኔው ራሴ መልሼ ሰቀልኩት፤ በእናቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሲፖን ያንኑ ቅዳሜ ከነቢራው ቤቴ ወሰድኩት። ከሀገር ልጆች ሱቅ በገዛሁት ጌሾ ጠምቄ በጠርሙስ ያስቀመጥኩት ጠላ ነበረኝ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ቀዳሁና እንደ እማዬ አስቀድሜ ቀመስኩ። ሲፖ ቢራውን ከግማሽ ተወው። ጠላውን ሲደግም ጠርሙሱን እያገላበጠ ጽሑፍ ፈለገበት።

«ሲሲ» አለኝ፣ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው፤ «ይሄ የት ይሸጣል? ስሙስ ማን ነው?»

ያኔ ጣሳዋን ከጓደኞቼ የምደብቅ ልጅ ነበርኩ። አሁን አንገቴን ቀና አድርጌ፣

«አስካለ» አልኩት። የእናቴ ስም ነው።