ቅርንጫፏን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

በሰፈሩ እሷ ፎቶ ቤት ገብቶ ጉርድ ፎቶ ያልተነሣ ሰው ቢኖር፣ ወይ ገና ያልተወለደ ነው ወይ መታወቂያ የማያስፈልገው ሌባ ነው። ሰው ሁሉ እትዬ ጆሮ ይላታል። ጆሮዋ ትልቅ ሆኖ አይደለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ተሸካሚ፣ "ጆሮ ይታይ!" ብላ ስለምትጮህበት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጆሮ ስታስገልጥ ኖራለች።

ይሄ መተዳደሪያዋ ነው። ነፍሷ ያለችው ግን ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ረግረጉ ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ የላስቲክ ቦቲዋን ታጠልቅና ካሜራዋን አንግታ፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ሽመላም ዳክዬም እንቁራሪትም፣ የመጣላትን ታነሣለች። አንዲት ወፍ አንገቷን እስክታዞር ሦስት ሰዓት ትጠብቃለች፤ ደንበኛ ክራቫቱን ሲያስተካክል ሦስት ደቂቃ ቢያስጠብቃት ግን ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች። ወፍ አይዋሽማ! ሰው ካሜራ ሲያይ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሽመላ ታየም አልታየም ያው ሽመላ ነው። ይሄን ነገር ትወደዋለች። ከምንም አብልጣ ትወደዋለች።

ለእናቷ ግን ነገሩ አልዋጥ ብሏቸው ኖሯል። "የሰው ልጅ ባል ታገባለች፣ የእኔዋ ለረግረግ ተዳረች" ይላሉ ለጎረቤት፣ እሷው እየሰማች። እሷም አትተኛላቸውም።

"ረግረጉ ቢያንስ ምሳዬ የት አለ አይለኝም፣ እማዬ።"

የከተማው የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር አሥራ አንድ አባላት ነበሩት፤ አሥራ አንዱም ወንዶች። ማመልከቻ ባስገባች ቁጥር "ጭቃ ነው፣ ለሴት አይመችም" ብለው ይመልሷታል። የእነሱ ጭቃ ከእሷ ጭቃ በምን እንደሚለይ የነገራት የለም። "ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎ የተረተው ሰውዬ የዚያ ማኅበር አባል ሳይሆን አይቀርም። ስድስት ጊዜ መለሷት። በሰባተኛው አንድ ፎቶ ይዛ ሄደችና አፋቸውን አስያዘቻቸው።

ፎቶው እናት ሽመላ ከሦስት ጫጩቶቿ ጋር የሚያሳይ ነው። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተዋል፣ ብርሃኑ ጎጆው ላይ ፈስሷል፣ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። በዚያው ዓመት በከተማው የፎቶ ውድድር አንደኛ ወጣች፤ አባልም አደረጓት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ "እንዴት አገኘሽው?" ላላት ሁሉ መልሷ "በትዕግሥት" ነው። ውሸቷን ነው።

ከጎጆው ፊት ለፊት አንዲት ቅጠላም ቅርንጫፍ ተጋርጣ ነበር። ሦስት እሑድ ተመላለሰች፤ በየት በኩል ብትዞር ቅርንጫፏ ከሌንሱ ፊት አትጠፋም። በአራተኛው እሑድ እናት ሽመላዋ ቀለብ ፍለጋ እስክትበር ጠበቀችና፣ ከጎረቤቷ የተዋሰችውን የአትክልት መቀስ አውጥታ ቆረጠቻት። አንዲት ቅርንጫፍ! ሽመላዋ ተመለሰች፣ ልጆቿን አበላች፣ ፎቶው ተነሣ።

በማግስቱ ፎቶ ቤቱን ዘግታ ልታያቸው ሄደች። ያቺ ቅርንጫፍ ለካ የጎጆው ጣሪያ ኖራለች። እናትየዋ ለቀለብ በሄደችበት ሰዓት፣ የቀትር ፀሐይ ሦስቱንም ጫጩቶች ፈጅታቸዋለች። ሽመላዋ ክንፎቿን ዘርግታ፣ የሞቱ ልጆቿን ከፀሐይ ከልላ ቆማለች። እትዬ ጆሮ ይሄንንም አነሣችው፤ ለምን እንዳነሣችው ዛሬም አታውቅም። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። መቀስ ይዛ ዳግመኛ ረግረግ አልገባችም፤ ሁለተኛውን ፎቶም ለማንም አላሳየችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ እውነት ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት እንዴት ብሎ ይጥራ?

ዘንድሮ ማኅበሩ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። መክፈቻው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሊቀ መንበሩ አዳዲስ አባላትን ሰብስቦ ይመክር ነበር። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ዛሬም ሰው ሁሉ ተማሪው ይመስለዋል።

"እሑድ ረግረጉ እንገባለን" አላቸው። "ጎጆው አልታይ ካላችሁ አትጨነቁ፤ ቅርንጫፉን ገለል፣ ካስፈለገም ቆረጥ ማድረግ ነው። የእትዬ ጆሮን ፎቶ እዩ! እንዲህ ያለ ብርሃን በጸሎት የሚገኝ ይመስላችኋል?"

ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው እትዬ ጆሮ ደሟ ፈላ። ያውቁ ኖሯላ! ሁሉም ቆራጭ ስለሆነ ነዋ የሚያውቁት፤ እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። አንድ ጎጆ መፍጀቷ አንሶ አሁን ደግሞ ማስተማሪያ ልትሆን ነው? ቤቷ ገብታ መሳቢያውን ከፈተች።

ቅዳሜ ማለዳ፣ አዳራሹ ለሕዝብ ሳይከፈት፣ ሁለተኛውን ፎቶ ከመጀመሪያው ጎን ሰቀለችው። ከሥሩ በወፍራም እስክሪብቶ "ቅርንጫፏን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህ በማግስቱ ነው" ብላ ጻፈች።

ሊቀ መንበሩ ገብቶ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምንድን ነው ይሄ? አውርጂው!"

"አላወርድም።"

"ሰው ወፍ ሊያይ እንጂ ሬሳ ሊያይ አይመጣም!"

"ወፏን እያሳየሁ ሬሳውን የደበቅኩት አሥራ አራት ዓመት ነው፣ ጋሼ። በቃኝ። ወይ ሁለቱም ይሰቀላሉ፣ ወይ ሁለቱም ይወርዳሉ።"

"ሴት ስናስገባ ጣጣ እንደሚመጣ ተነግሮን ነበር! ከአባልነት እሰርዝሻለሁ!"

"ይሰርዙኝ" አለች፣ አንቱታዋን ሳትለቅ። "ማኅበሩ ሳይኖረኝም ጭቃው ውስጥ ነበርኩ። ነገ ጠዋት የረግረጉ መግቢያ ላይ ነው የሚያገኙኝ። መቀስ ይዞ የሚመጣ ካለ መጀመሪያ እኔን ቆርጦ ይለፍ!"

ሊቀ መንበሩ ዞር ብሎ መድኃኒት ቤት ያለውን አባል ጠራው፤ ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነው። "አንተ፣ አውርድልኝ ይሄን!"

ባለመድኃኒት ቤቱ መጥቶ እጁን ወደ ሚስማሩ ሰደደ። ይሄኔ ከኋላው ወንበር ሲጎተት ተሰማ። የእትዬ ጆሮ እናት ናቸው፤ ልጃቸው በማለዳ ፎቶ አቅፋ ስትወጣ አይተው "ደግሞ ምን ጉድ ልትሠራ ነው?" ብለው ተከትለዋት ኖሯል። ሁለቱን ፎቶዎች በየተራ፣ ብዙ ጊዜ ወስደው አዩ።

"እስከ ስንት ሰዓት ቆመች?" አሉ።

"እስኪመሽ፣ እማዬ።"

"አንቺስ?"

"እኔም።"

አሮጊቷ ወንበሩን ከፎቶው ሥር አስጠጉና ተቀመጡ። ዱላቸውንም ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "በሉ እንግዲህ፣ የሚያወርድ ካለ እኔን አስነሥቶ ያውርድ" አሉ።

ባለመድኃኒት ቤቱ እጁን ሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ሁለተኛ ጠራው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ወደ ማዶው ግድግዳ ተሻግሮ የራሱን ፎቶ፣ ስሙን ያስጠራለትን የጭልፊት ጎጆ፣ ከሚስማሩ አወረደ። ብብቱ ሥር ሸጎጠና ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ወደ በሩ አመራ።

እትዬ ጆሮ በሩ ላይ ደረሰችበት።

"ወዴት ልትወስደው ነው?"

"ቤቴ" አላት። "አፈርኩ፣ እትዬ።"

"እኔም አሥራ አራት ዓመት አፍሬበታለሁ፤ ማፈሬ አንድ ጫጩት አላዳነም።" ወፍራሙን እስክሪብቶ እጁ ውስጥ አስጨበጠችው። "ጻፍበትና መልሰህ ስቀለው።"